ምዕራፍ ስድስት፦ የብረት ሞፈር በአሶሳ ቀይ አፈር

ከአሶሳ ከተማ ወጥቶ ወደ ሰልጋ፣ ወደ መገሌ ወይም አምባ እየተባሉ በቁጥር ወደሚጠሩት መንደሮች የሚጓዝ ሰው፣ በአንዳንዱ ግቢ ጥግ፣ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሦስት የጎደጎዱ የብረት ሳሕኖች በአንድ ወፍራም ክፈፍ ላይ ተሰክተው፣ ግማሽ አካላቸው በሣር ተውጦ፣ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅባቸው ያያል። ይህ በትራክተር የሚጎተተው የዲስክ ማረሻ ነው። አላፊ አግዳሚው ያረጀ ብረት ብሎ ያልፈዋል፤ ቁራሌው ደግሞ በኪሎ ይገምተዋል። እኔ ግን እንዲህ ተጥለው ካገኘኋቸውና ጠጋ ብዬ ከመረመርኳቸው ማረሻዎች አብዛኞቹ በእርጅና የሞቱ ሳይሆኑ፣ ባልተስተካከለ አኳኋን ሲሠሩ ቆይተው «ይህ አያርስም» ተብሎ የተፈረደባቸው መሆናቸውን ስላየሁ፣ ፍርዱ ይመረመር ዘንድ ይህን ምዕራፍ ጻፍኩ።

ብረቱ ወደዚህ አገር እንዴት እንደ ደረሰ ማወቅ ስለ ጥገናው ለመነጋገር መንገድ ይጠርጋል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ የተቀመጠች፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር የሚበልጠው ዝናቧ አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወርድባት፣ አፈሯ ቀይ፣ ዙሪያዋም የቆላ ቀርከሃና የዱር ዛፍ የሞላበት ምድር ናት። የጥንት ነዋሪዎቿ በርታዎች፣ እንዲሁም በመተከልና በካማሺ የሚኖሩት ጉሙዞች፣ ማሽላቸውን ሲያመርቱ የኖሩት ዱሩን መንጥረውና አቃጥለው፣ መሬቱን በእጅ መቆፈሪያ እየጫሩ፣ አፈሩ ሲደክምም ወደ ሌላ ቦታ እየተዘዋወሩ ሲሆን፣ ይህም አሠራር ገንዲ የተባለው በሽታ ከብትን በሚፈጅበት ቆላ የማስተዋል እንጂ የስንፍና ሥራ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ አገር ባጎሳቆለ ጊዜ ግን፣ ከወሎና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር ብዙ ሕዝብ በመንግሥት ትእዛዝ ተጭኖ ወደ አሶሳና ወደ መተከል ሲሰፍር፣ ከበሬ ጋር አብሮ ያደገው ገበሬ በሬ ወደማይበረክትበት አገር ወረደ፤ የቀደመውም ነዋሪ ሳይጠየቅ መሬቱ ተሸነሸነ። ስለዚህም በበሬ ፈንታ ትራክተር መጣ። በ1978 ዓ.ም. በኢጣሊያ መንግሥት ርዳታ፣ ሳሊኒ በተባለው የሥራ ተቋራጭ አማካይነት በፓዌ የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክትም በሰፊው የሚያርሰው በመኪና ነበር። በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ናዝሬት ላይ የተቋቋመው ፋብሪካ የቤላሩስን ትራክተር እየገጣጠመ ያወጣ ስለ ነበር፣ ቤላሩስ የሚለው ስም በየገጠሩ ራሱ ትራክተር ማለት እስኪመስል ድረስ ተለመደ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ትራክተሩ ሞተር ስላለው ፈላጊ አላጣም፤ ማረሻው ግን በራሱ የማይንቀሳቀስ፣ ክብደቱም ለመሸከም የማይመች ስለ ሆነ፣ ብዙው በተጣለበት ቀረ። ዛሬ አኩሪ አተርና ሰሊጥ፣ በቆሎና ማሽላ በስፋት ሲመረት፣ ባለ ትራክተሮች በሄክታር እየተዋዋሉ ከሌላ አገር መጥተው ሲያርሱ፣ ከእነዚያ ማረሻዎች የተረፉት አንዳንዶቹ እንደ ገና ተነሥተው ወደ ሥራ ይገባሉ። ከብረቱ ጋር አብሮ መነሣት የነበረበት ዕውቀት ግን አልተነሣም፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑም ለገበሬው አልተሰጠም ነበር። ማረሻውን የሚያውቀው ኦፕሬተሩና መካኒኩ ብቻ ሲሆን፣ ገበሬው የሚያየው የተገለበጠውን አፈር ነበር። በሐረርጌ ዓለማያ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ርዳታ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኮሌጅ እርሻንና የመካኒክ ጥበብን በአንድ ስም አጣምሮ ይጠራ እንደ ነበር ሳስታውስ፣ ያን ጥምረት እስከ ገበሬው ደጃፍ ድረስ አለማዝለቃችን ያሳዝነኛል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ገበሬው ለዚህ ትምህርት ባዕድ ስላልነበረ ነው። የወሎ አራሽ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምራን ሲያስር፣ ማሰሪያውን ጥቂት ጣት ቢያስጠጋው ወይም ቢያርቀው የማረሻው ጫፍ አቀማመጥ እንደሚለወጥ፣ ወገሉ ቢላላ ማረሻው እንደሚዋልል፣ አንዱ በሬ ከሌላው ቢረዝም ትልሙ እንደሚጣመም ከአባቱ ተምሯል። ጥልቀት የሚገኘው እርፉን በመጫን ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ የሚጎትተው ኃይልና የሚጎተተው ብረት በሚገናኙበት መስመር መሆኑን እጁ ያውቀዋል፤ ቃሉን ባይናገረውም። በትራክተር ላይ የተጫነው ማረሻም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ከፎርድ ጋር ተስማምቶ ባወጣው ትራክተር በሰፊው ያስተዋወቀው ባለ ሦስት ክንድ ማያያዣ፣ ሁለት ክንድ ከታች አንድ ክንድ ከላይ አድርጎ ማረሻውን ከትራክተሩ አካል ጋር አዋሐደው፤ ከዚያ በፊት ማረሻው ከኋላ ተንጠልጥሎ ሲጎተት፣ ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ትራክተሩ በፊቱ ተነሥቶ ነጂውን እስከ መጫን ይደርስ ነበር። ለአሶሳው ገበሬ እኔ የምነግረው እንዲህ ነው፦ የታችኞቹ ሁለት ክንዶች ቀንበርህ ናቸው፤ የላይኛው ክንድ ምራንህ ነው፤ ክፈፉ ሞፈርህ ነው። ይህን የተቀበለ ሰው የቀረውን በአንድ ቀን ይማረዋል። የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወንጌል ዕርፍ የጨበጠ ወደ ኋላ እንዳይመለከት ተመክሯልና የበሬ አራሽ ዓይኑ ከፊቱ አይነሣም፤ የትራክተር ነጂ ግን ፊቱን አንድ ጊዜ፣ ኋላውን ሁለት ጊዜ ካላየ ሥራው ይበላሻል።

ለዚህ አገር ዲስክ የተመረጠበት ምክንያት አለው። አፈርን በክንፉ የሚገለብጠው ስለታም ማረሻ ለስላሳና ንጹሕ መሬት ላይ እጅግ ያማረ ሥራ ይሠራል፤ ጉቶና ሥር ባለበት አዲስ ምንጥር ላይ ግን ይሰበራል። በደቡብ አውስትራሊያ የነበሩ ገበሬዎች በዚሁ መከራ ስለ ተፈተኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ስሚዝ የተባሉት ወንድማማቾች ጉቶ ሲነካው በማጠፊያው ተነሥቶ የሚዘልና መልሶ የሚወድቅ ማረሻ ሠርተው ነበር። ዲስኩ መፍትሔውን በሌላ መንገድ ያመጣል፤ ክብ ስለ ሆነና በማዕከሉ ላይ ስለሚዞር፣ ሥር ሲያገኝ ወይ ይቆርጠዋል፣ ወይ ተንከባሎበት ያልፋል። በአንጻሩ ዲስክ እንደ ስለታሙ ማረሻ በራሱ ጫፍ አፈር ውስጥ የመስጠም ጠባይ የለውም፤ የሚገባው በክብደቱና በተዘነበለበት ማዕዘን ነው። ይህን ባሕርይውን ያልተረዳ ሰው ዲስኩ መሬት ሲጭር ባየ ጊዜ የስለት ጉድለት ይመስለዋል፤ ስለዚህም እንዲሳል ከመላኩ በፊት ሊመረምረው የሚገባውን ሁሉ ሳይመረምር ይቀራል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው ማዕከሉ ነው። ባንድ ሚያዝያ፣ ዝናቡ ሊጥል ደመናው በዳቡስ ወንዝ በኩል መሰብሰብ ሲጀምር፣ በአንድ የሰፈራ መንደር ባለ ሦስት ዲስክ አሮጌ ማረሻ ለማስነሣት ከጥቂት ወጣቶች ጋር ቆምኩ። በአጠገባችን አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ነበር፤ በሰፈራው ዘመን ኦፕሬተር የነበሩ ናቸው። ከወጣቶቹ አንዱ ቺያቬ አንሥቶ የዲስኩን ቡሎኖች ሊፈታ ሲል «ተው የኔ ልጅ፤ ዝም ብለህ አትፍታ፤ መጀመሪያ ጨብጠህ ጠይቀው» አሉት። ማረሻው በትራክተሩ ማንሻ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ አስገባን፤ ሃይድሮሊክ በድንገት ይወርዳልና በእርሱ አምኖ ከማረሻ ሥር እጅ መክተት ወይም መግባት ሞትን መጋበዝ ነው። ከዚያም ወጣቱ የዲስኩን ጠርዝ ከላይና ከታች በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱና ከራሱ ነቀነቀው። ከውስጥ «ኳ፣ ኳ» የሚል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ኩሽኔታው ነው» አሉ።

ክዳኑን ከፈትነው። በውስጡ የነበረው ግሪስ ከቀይ ትቢያ ጋር ተለውሶ እንደ ደረቀ የበርበሬ ድልህ ሆኖ ነበር። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ የብዙ ማረሻ ሞት የሚጀምረው እዚህ ስለ ሆነ ነው፤ ትቢያ የገባበት ግሪስ ማለስለሱ ቀርቶ እንደ ሞረድ ብረትን ይፍቃልና። በእያንዳንዱ ዲስክ ማዕከል ውስጥ ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች አሉ፤ ሁለቱንም አውጥተን በናፍጣ አጠብናቸው፣ በጨርቅም አደረቅናቸው። ጥርስ የመሰለ ጉድጓድ ያለበት ወይም በሙቀት የጠቆረ ኩሽኔታ አይመለስም፤ ከነመቀመጫ ቀለበቱ ይለወጣል። ደህና የሆነው ደግሞ በመዳፍ አዲስ ግሪስ እየተጫነበት፣ ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል ዘልቆ በወዲያ በኩል እስኪወጣ ድረስ ይሞላል። ከዚያ ዳዶው፣ ዲስኩ በእጅ ሲዞር እስኪከብድ ድረስ ይጠበቅና፣ ለኮፒሊያው የመጀመሪያው ቀዳዳ እስኪገጥም ድረስ ብቻ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዲስኩ በዚያ ጊዜ ሳይነቀነቅ በቀላሉ መዞር አለበት። ግሪሱን የሚከላከለው የጎማ ቀለበት የተበላ እንደ ሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከአንድ ሳምንት አያልፍም፤ ዋጋው ጥቂት ስለ ሆነ ማዕከሉ በተከፈተ ቁጥር ቢለወጥ ይሻላል። በእርሻ ወራት በየቀኑ በግሪስ መግቢያው አፍ አሮጌው ተገፍቶ አዲሱ ብቅ እስኪል ድረስ መምታት፣ አፉንም አስቀድሞ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። አፉን ሳይጠርጉ ግሪስ መምታት ትቢያውን በገዛ እጅ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው።

ማዕከሎቹ ከዳኑ በኋላ ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር ስናያይዝ ሌላ ስውር በሽታ አገኘን። የታችኞቹ ክንዶች የሚገቡበት ፒን በሁለት የታወቁ ልኮች ይሠራል፤ የአነስተኛው ትራክተር 22 ሚሊሜትር ገደማ፣ የመካከለኛው 28 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚያ ማረሻ ላይ ቀጭኑ ፒን በሰፊው ዓይን ውስጥ ገብቶ፣ ክፍተቱ በተጠቀለለ ላሜራ ታጭቆ ነበር። ማረሻው በየእርምጃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚጋጭ በእንዲህ ያለ ማያያዣ ምንም ማስተካከያ አይጸናም። ትክክለኛውን ፒን ወይም በልኩ የተላገ ቀለበት ማስገባት ከሁሉ በፊት የሚቀድም ነው።

አሁን ወደ ማስተካከሉ እንምጣ፤ የምዕራፉ ልብ ይህ ነውና። ይህ ማረሻ አፈሩን ወደ ቀኝ ስለሚገለብጥ፣ የትራክተሩ ቀኝ ጎማዎች ቀደም ብሎ በተከፈተው ትልም ውስጥ፣ ግራዎቹ ባልታረሰው መሬት ላይ ይሄዳሉ። ስለዚህ ትራክተሩ በሥራ ላይ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፤ ማረሻው ግን ከመሬቱ ጋር ተስተካክሎ መቆም አለበት። ግቢ ውስጥ በሜዳ ላይ አቁሞ የሚያስተካክል ሰው ይህን ካልዘከረ፣ በግቢው ያማረው ማረሻ በማሳው ላይ ይጣመማል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሊታረስ የታሰበውን ጥልቀት ያህል ውፍረት ያለው ግንድ በግራዎቹ ጎማዎች ሥር ተደርጎ ትራክተሩ ይወጣበታል፤ በዚህ ጊዜ ልክ በማሳው እንደሚያዘነብለው ያዘነብላል። ከዚያ የቀኙን ክንድ የሚያነሣው ዘንግ በመዘውሩ እየረዘመ ወይም እያጠረ፣ ከኋላ ሲታይ ክፈፉ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። ጥልቀቱን ለመለካት ደግሞ ሜትር መፈለግ አያሻም፤ የአንድ ጎልማሳ ስንዝር ከ20 ሴንቲሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ ለዚህ አገር ማሽላና በቆሎም የሚበቃ ጥልቀት ነው። ግንዱም ስንዝር፣ ትልሙም ስንዝር ይሁን።

ቀጥሎ በጎን ቆሞ ማየት ነው። የላይኛው ክንድ በጥርሱ ሲያጥር የማረሻው አፍንጫ ወደ ታች ይደፋና የፊቱ ዲስክ ጠልቆ የኋላው ይንሳፈፋል፤ ሲረዝም ደግሞ የኋላው ይጠልቅና የፊቱ ይጭራል። ሦስቱም ዲስኮች እኩል ሲጠልቁ ክፈፉ ከጎን ሲታይ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ይሆናል። ይህን በግቢ ጀምሮ በማሳ መጨረስ ይገባል፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር አርሶ፣ ወርዶ፣ በያንዳንዱ ዲስክ ትልም ውስጥ በትር ሰክቶ፣ ምልክት አድርጎ ማወዳደር ነው። በችኮላ የሚያርስ ባለ ኪራይ ይህን ሲያደርግ አይቼ አላውቅም፤ የሚከፈለው በሄክታር እንጂ በጥልቀት ስላልሆነ፣ ላይ ላዩን ጭሮ ቢሄድ ናፍጣ ይተርፈዋል። ለዚህ ነው ገበሬው ራሱ በትሩን ይዞ ከትራክተሩ ኋላ ይሂድ የምለው፤ ውሉንም ሲዋዋል ጥልቀቱን በስንዝር ይዋዋል።

የዲስኩ ሁለት ማዕዘኖች በየማረሻው በቀዳዳ ወይም በተጠረበ ሰሌዳ ይለዋወጣሉ። አንደኛው ዲስኩ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ሲሆን ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከቀጥታው ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ሲሆን ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሲጨምር ዲስኩ ይበልጥ ይቆርጣል፣ አዟዟሩም ይዘገያል። የሁለተኛው ውጤት በደረቅና በእርጥብ አፈር የተለያየ ስለ ሆነ፣ የእኔ ምክር አንድ ቀዳዳ ብቻ ለውጦ፣ ሁለት ትልም አርሶ፣ የዓይንን ፍርድ መጠበቅ ነው። ሁለቱን ማዕዘን ባንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው የትኛው እንደ ረዳው፣ የትኛው እንደ ጎዳው ሳያውቅ ይቀራል።

የማረሻው የኋላ ጎማ ብዙዎች እንደ ትርፍ አካል የሚቆጥሩት ነው፤ ከብዙ ማረሻዎችም ላይ ተነቅሎ ጠፍቷል። ሥራው ግን ታላቅ ነው። ዲስኮቹ አፈሩን ወደ ቀኝ ሲገፉ አፈሩም በፈንታው ማረሻውን ወደ ግራ ይገፋዋል፤ ያን ግፊት የሚቀበለው በትልሙ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚሄደው ይህ ዘንበል ያለ ጎማ ነው። ጎማው ከጠፋ ወይም ሞላው ከላላ፣ ማረሻው ጭራውን ወደ ጎን ይጥላል፤ ትራክተሩም መሪውን ይነጥቃል፤ ነጂው ቀኑን ሙሉ ከመሪው ጋር ሲታገል ይውላል። መፋቂያዎቹ ደግሞ ዲስኩን ሳይነኩ እጅግ ቀርበው ሊቆሙ ይገባል፤ የአሶሳ ቀይ አፈር በሰኔ እርጥበት እንደ ሊጥ ስለሚለጠፍ፣ መፋቂያ የሌለው ዲስክ አፈሩን ተሸክሞ ይዞራል እንጂ አይገለብጥም።

ማረሻው አልገባ ሲል በክፈፉ ላይ ሰው የሚያስቀምጡ አሉ። ይህ ከቶ መደረግ የለበትም፤ ክብደት ካስፈለገ ድንጋይ ወይም የአሸዋ ከረጢት በሽቦ ጥርንቅ ተደርጎ ይታሰር። በሦስት የሚዞሩ ስለቶች ላይ የተቀመጠ ልጅ አንድ ጉቶ ሲያናጋው የሚወድቅበትን ቦታ ማሰብ ይበቃል።

ስለ ዲስኮቹ ብረት ጥቂት ልበል። አዲስ ሲሆኑ ስፋታቸው ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ከዓመት ዓመት ሲበሉ ይጠባሉ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲለወጥ አዲሱ ከባልንጀሮቹ ይሰፋና የትልሙ ወለል ደረጃ ደረጃ ይሆናል፤ ስለዚህ ሦስቱን ባንድነት መለወጥ፣ ካልተቻለም ስፋታቸው የተቀራረቡትን ከተጣሉ ማረሻዎች መርጦ ማጣመር ይሻላል። የተሰነጠቀ ዲስክ በብየዳ አይድንም፤ የዲስኩ ብረት በእሳትና በውሃ ጠንክሮ የተሠራ ስለ ሆነ፣ የብየዳው ሙቀት ያን ጥንካሬ ያጠፋውና ከብየዳው ጎን መልሶ ይሰነጠቃል። ክፈፉና እግሩ ግን በብልህ በያጅ እጅ ይጠገናሉ። ደግሞም አዲስ የታሰረ ቡሎን ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ እንደ ገና ይጠበቅ፤ ቀለምና ዝገት ተፍቀው ስለሚላላ ነው።

ዘመኑንም መምረጥ የማስተካከል ክፍል ነው። ቀዩ አፈር በበጋ እንደ ጡብ ይደርቃል፤ በክረምት መካከል ደግሞ ይለጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ወርደው፣ ከስንዝር ጥልቀት የተነሣ አፈር በእጅ ሲጨበጥ ኳስ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ ግን የሚፈርስበት ጊዜ የእርሻ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የሚሠራ ማረሻ ጉልበትም ናፍጣም ይቆጥባል፣ ኩሽኔታውም ይተርፋል። በተዳፋት ላይ ግን ከላይ ወደ ታች ማረስ የዚህን አገር ብርቱ ዝናብ ለአፈሩ መንገድ ማበጀት ነውና፣ ትልሙ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሂድ። በየዓመቱም በአንድ ጥልቀት ብቻ ማረስ ከትልሙ ሥር የተጠቀጠቀ ንጣፍ ያበጃል፤ ውሃም ሥርም ያን ሰብሮ አይወርድም፤ ስለዚህ አንዱን ዓመት ጠለቅ፣ ሌላውን ቀለል ማድረግ ይገባል።

መከሩ ካለቀ በኋላ በኅዳርና በታኅሣሥ ማረሻው የሚቀመጥበት አኳኋን የቀጣዩን ዓመት ዕድል ይወስናል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አራቱ ባሕርያት ከሚሏቸው ነፋስና ውሃ ተባብረው ብረትን ዝገት የሚያደርጉት፣ ያልታጠበ አፈር በዲስኩ ላይ እርጥበት ይዞ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የዲስኮቹ ፊት በተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም በግሪስ ይቀባ። ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጡም በየመጽሐፉ የሚመከር ነው፤ መጻሕፍቱ ግን ግንድ ላይ አስቀምጡ ይላሉ። አሶሳ የምስጥ አገር ናት። ያ በሚያዝያ ያስነሣነው ማረሻ ዲስኮቹ እስከ ግማሽ በአፈር ተቀብረው የተገኙት፣ አንድ ጠንቃቃ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በግንድ ላይ አስቀምጦት፣ ግንዱን ምስጥ በልቶ ስለ ጨረሰው ነበር። ከሥሩ የቀረው የግንድ ቅርፊት በእጄ ላይ እንደ ዱቄት ሆነ። በዚህ አገር ማረሻ የሚቀመጠው በድንጋይ ላይ ነው።

በዚያው ቀን ወደ ማታ፣ የታችኞቹን ክንዶች የሚሸከመውን መስቀለኛ ዘንግ ከዝገት ስንጠርግ፣ ዘንጉ ከክፈፉ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ሁለት ቀጭን የሊማ ጭረቶች ተገለጡ፤ አንዱ ነጠላ፣ ሁለተኛው ድርብ። ይህ ዘንግ ጥቂት ሲዞር ማረሻው አቅጣጫውን ይለውጥና የፊተኛው ዲስክ የሚቆርጠው ትልም ይሰፋል ወይም ይጠባል። ሽማግሌው ጐንበስ ብለው በጥፍራቸው ዳሰሱት። «ነጠላው ለሰፊ ጎማ፣ ድርቡ ለጠባብ» አሉ፤ «ያኔ ሁለት ዓይነት ትራክተር ነበረን፤ በየጊዜው ከመለካት ብለን ነው።» ማን እንደ ሞረደው ስጠይቃቸው፣ እርሳቸው ወይም ከእርሳቸው ጋር ይሠራ የነበረ ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል፣ በውል እንደማያስታውሱ ነገሩኝ። በብራና ኅዳግ ላይ አንድ ያልታወቀ አንባቢ የጻፈውን ማስታወሻ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

የእኛ ትራክተር ጎማ ከሁለቱም አልገጠመም። በማግስቱ ጠዋት ከነጠላው ጭረት ጀምረን፣ በጥቂት ጥቂቱ እያዞርን፣ በየጊዜው ሠላሳ ሜትር እያረስን ወርደን ስንለካ፣ ፀሐይ ሳይከር የፊተኛው ዲስክ ትልም ከሁለቱ ባልንጀሮቹ ጋር እኩል ሆነ፤ መሪውም በነጂው እጅ ረጋ። «ጋሼ፣ አሁን ልምታው?» አለኝ ያ ወጣት፣ ሊማውን ይዞ። ወደ ሽማግሌው አሳየሁት። እርሳቸውም ዘንጉን እንደ ገና ዳስሰው፣ ቡሎኑ መጥበቁን አይተው፣ «ሦስት አድርገው» አሉት።